የካራቫን መጎተቻ ብረቶች አያያዝና አቀማመጥ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የብርዱ ወራት ሲገባ ቤተሰቦች ድንኳንና ካራቫን ይዘው ወደ በረሃ ይወጣሉ። በአካባቢው ዓረብኛ «ከሽታ» የሚባለው ይህ ሽርሽር በኩዌት በአብዛኛው ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ይዘልቃል፤ በቀጠርም የሲላይንና የኾር አል ዑደይድ ዳርቻዎች በዚሁ ወቅት በካራቫኖች ይሞላሉ። ባለቤቱ ስለ ድንኳኑ ቦታና ስለ ቡናው ሲያስብ፣ ካራቫኑን ከመኪናው የሚያያይዘውና የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሾፌር ወይም ዘበኛ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ከተሰማሩት መካከል አማርኛ ተናጋሪዎችም ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ካራቫኑ ከተፈታ በኋላ የሚቀሩት ከባድ ብረቶች የት፣ እንዴትና በማን ጉልበት መቀመጥ እንዳለባቸው ያብራራል።

ትንሽ ካራቫን፣ በዓረብኛ «መቅጡራ» ከሚባሉት ተጎታቾች ቀለል ያለው ዓይነት፣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ1000 እስከ 2000 ኪሎ ነው። በአሜሪካ አሠራር ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በካራቫኑ አንገት በኩል በመኪናው የኋላ ክፍል ላይ ያርፋል። ለ1500 ኪሎ ካራቫን ይህ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። ያ ሸክም የመኪናውን ኋላ ዝቅ፣ ፊቱን ቀና ስለሚያደርግ፣ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ካራቫኑ አክስል የሚያከፋፍል መጎተቻ ይገጠምለታል። መጎተቻው በመኪናው መቀበያ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ብረት፣ ኳሱን የተሸከመ ራስና ሁለት የሞላ ዘንጎች አሉት። ሁሉም ተደምረው እንደየሥሪታቸው ከ35 እስከ 50 ኪሎ ሊመዝኑ ይችላሉ። ካራቫኑ «ትንሽ» ተብሎ ቢጠራም ብረቱ ትንሽ አይደለም።

በማስቀመጥ ረገድ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣው ገና ሰፈሩ ሳይደረስ ነው። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ጉድጓዳማ አሸዋ ውስጥ ሲገባ የሞላ ዘንጎቹ ከመጠን በላይ ይወጠራሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይና ወደ ኋላ በሚነዳበት ጊዜ እንዲወልቁ ያዝዛሉ። የአምራቹን መመሪያ ማየት ግድ ነው። ዘንጎቹ የሚወልቁት ውጥረታቸው ከረገበ በኋላ ብቻ ነው፤ የካራቫኑ ጎማዎች በፊትና በኋላ ታኮ ተደርጎባቸው፣ አንገቱ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ በክሪክ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ዘንጎቹ ሲላሉ በማንሻው ብረት ቀስ ተብለው ይለቀቃሉ። ውጥረት ያለበት ዘንግ ድንገት ሲለቀቅ የሰው ክንድ ይሰብራል፤ የሚፈታው ሰው ከማንሻው ጎን እንጂ በፊት ለፊቱ መቆም የለበትም።

የወለቁት ዘንጎች ለቀሪዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የት ይሁኑ? ብዙ ሰው በቸልታ ከኋላ ወንበር ሥር ይወረውራቸዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ 25 ኪሎ ብረት ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከ350 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቋቋምም። ፒክአፕ ከሆነ ብረቱ በጭነት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከፊት ግድግዳው ተጠግቶ፣ በማሰሪያ ቀበቶ መታሰር አለበት። ሌላ መኪና ከሆነ ደግሞ ከኋላ ወለል ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተደግፎ፣ በወለሉ ቀለበቶች ይታሰራል።

ብረቱን በካራቫኑ ውስጥ መጫን የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ መለዋወጫ ራስ፣ ሰንሰለትና ክሪክ ሲኖር። ያኔ ቦታው ከኪሎው እኩል ዋጋ አለው። ከአክስሉ እስከ ኳሱ ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው እንበል። 45 ኪሎ ብረት ከአክስሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ በአንገቱ ላይ ከሚያርፈው ክብደት 22.5 ኪሎ ይቀንሳል። ያው ብረት ከአክስሉ 1 ሜትር ወደ ፊት ቢሆን ግን ወደ 11 ኪሎ ይጨምራል። አንገቱ የቀለለ ካራቫን በፍጥነት ላይ ሲሆን ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው ከበረታ በኋላ ደግሞ የአሽከርካሪ ችሎታ ብዙ አይፈይድም። ከባድ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከአክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ እንጂ ከኋላ ባለው ዕቃ ቤት ወይም ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አይጫን። ከጋዝ ሲሊንደርና ከባትሪም ይራቅ፤ የወደቀ ዘንግ የሲሊንደሩን ቫልቭ ሊሰብር፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ከተጋደመም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በሰፈሩ ላይ መጎተቻውን ከመኪናው ሳያወጡ መተው የተለመደ ነው፤ ድካም ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ በጨለማ ቅልጥም የሚመታ፣ በተለይም ለሕፃናት አደገኛ የሆነ ብረት ከመኪናው ኋላ ወጥቶ ይቀራል። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨው ያዘለው እርጥበት በመቀበያ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ብረቶች በዝገት ያጣብቃቸዋል። ሲወጣም አሸዋ ላይ መጣል የለበትም። በአንድ ሌሊት ነፋስ አሸዋው ይሸፍነዋል፤ በማግስቱ የሚያገኘው የሌላ መኪና ጎማ ይሆናል። ከካራቫኑ አንገት ሥር በተዘረጋ ጣውላ ላይ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል። ፒኖቹና መቆለፊያቸው በጨርቅ ከረጢት ታስረው ከራሱ ጋር ይሁኑ። 40 ኪሎ ብረት አይጠፋም፤ የሚጠፋው የጣት ያህል የሆነው ፒን ነው፣ ያለ እርሱ ደግሞ ጉዞ የለም።

የአነሣሡ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል፤ ጉዳት የሚበዛው በዚህ ነውና። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ብሔራዊ ተቋም በሚጠቀምበት ስሌት፣ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ መነሻው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ሸክሙ ከሰውነት በራቀ፣ ወይም ከመሬት በተነሣ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል። የመጎተቻው ራስና ግንዱ አብረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ልክ ያልፋሉ፤ የሚወጡትም ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ነው። እንግዲህ ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛ ብቻዋን እንድታነሣው መታዘዟም ተገቢ አይሆንም። «ለሁለት እናንሣው» ማለት ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ረዳት ከሌለ ዝቅ ያለ ባለ ጎማ ጋሪ ይረዳል። ጋሪው በጣውላ ተደላድሎ እስከ መቀበያው ቱቦ ከፍታ ይሞላል፤ ፒኑ ከወጣ በኋላ ብረቱ ሳይነሣ ተንሸራትቶ በላዩ ያርፋል። በመጋዘን ውስጥም ቦታው ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ይሁን፤ ያኔ ማጎንበስም ወደ ላይ መዘርጋትም አይኖርም። ክብደቱን ለመቀነስ ሲባል ራሱን ከግንዱ መፍታት ግን አይመከርም። ብሎኖቹ በከፍተኛ ኃይል የጠበቁ ናቸው፤ ለመኪናው ቁመት ተስተካክሎ የነበረውም ልክ ይበላሻል። የግድ ከተፈቱ ቀዳዳዎቹ አስቀድመው በቀለም ይመልከቱ፣ ሲገጠሙም አምራቹ ባዘዘው መጠን ይጥበቁ።

ወቅቱ ሲያበቃ ብረቱ ለስድስትና ሰባት ወር ይተኛል። በቅድሚያ በኳሱ ላይ ያለው አሮጌ ግራሶ በጨርቅ ሙልጭ ብሎ ይጠረግ፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ግራሶ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ነው። ጨው የነካው ክፍል በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ በስሱ ዘይት ይቀባ፣ በአሮጌ ጨርቅ ይጠቅለል። እርጥበት ሳይወጣ በላስቲክ ማሸግ ዝገቱን ያባብሳል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ከማሳረፍ ጣውላ ማንጠፍ ይሻላል። ይህ ሁሉ ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት ቢጠናቀቅ ደግ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ12፡30 እስከ 15፡00 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00) በቀጥታ ፀሐይ ሥር የሚሠራ የውጭ ሥራ የተከለከለ ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም።

በአንድ ግቢ ሁለት ካራቫኖች ካሉ ሌላ አደጋ ይመጣል። በባሕረ ሰላጤው የአሜሪካም የአውሮፓም ሥሪት ጎን ለጎን ይገኛል፤ የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው አንዱ ዓይነት 50.8፣ ሌላው 58.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለትልቁ ኳስ የተሠራ አፍ በትንሹ ላይ ሲወርድ የገጠመ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ግን ሊዘል ይችላል። ልኩ ብዙውን ጊዜ በኳሱ ላይ ተቀርጿል። እያንዳንዱ ሳጥን የኳሱን ልክና የሚገጠምበትን ካራቫን የሚገልጽ ጽሑፍ በማይለቅ ቀለም ይለጠፍበት፤ በአማርኛና በዓረብኛ ቢሆን ደግሞ ሾፌሩ በሌለበት ቀን ባለቤቱም ያነበዋል። ሳጥኑ በኦክቶበር ሲከፈት ራሱና ዘንጎቹ በብርሃን ተመርምረው ስንጥቅ ወይም ጥምዘዛ ከታየባቸው ወደ ጋራዥ ይወሰዳሉ፤ ፒኖቹ ተቆጥረው፣ ኳሱ አዲስ ግራሶ የሚቀባውም ካራቫኑ ሊያያዝ ሲል ነው።