በሜሞሪና በድራይቨር ብልሽት የሚመጣ የኮምፒውተር ክራሽ

የኮምፒውተር ክራሽ ማለት ኮምፒውተር በሥራ ላይ እያለ በድንገት መቆም፣ ራሱን ሪስታርት ማድረግ ወይም የስሕተት መልእክት ብቻ የያዘ ስክሪን ማሳየት ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚታየው ስክሪን ለብዙ ዓመታት ሰማያዊ ስለነበረ «ሰማያዊ ስክሪን» ተብሎ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር ተቀይሯል። በሊኑክስና በማክ ተመሳሳዩ ክስተት «ከርነል ፓኒክ» ይባላል። ክራሽ አንድ ጊዜ ቢያጋጥም ብዙ አያሳስብም። ሲደጋገም ግን ከተለመዱት መንስኤዎች ሁለቱ የተበላሸ ሜሞሪ (ራም) እና የተበላሸ ድራይቨር ናቸው።

በኢትዮጵያ ክራሽ ለሚያደርግ ኮምፒውተር በብዛት የሚሰጠው መፍትሔ ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት የድራይቨር ችግርን ሊፈታ ይችላል፤ የተበላሸ ራምን ግን አያድንም፤ በዲስኩ ላይ የነበረውን ጽሑፍና ፎቶ ደግሞ ያጠፋል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት መንስኤውን መለየት ያስፈልጋል።

የሜሞሪ ብልሽት

ራም ኮምፒውተሩ በወቅቱ የሚሠራበትን መረጃ የሚይዝ ክፍል ነው። 8 ጊጋባይት ራም ከ68 ቢሊዮን በላይ ቢት ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ ከ0 ወደ 1 ወይም ከ1 ወደ 0 ያለ ትእዛዝ ቢቀየር፣ ቢቱ የፕሮግራም ትእዛዝ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሊቆም ይችላል፤ የፎቶ ክፍል ከሆነ አንዲት የቀለም ነጥብ ብቻ ትበላሽ ይሆናል። የራም ብልሽት ምልክቶች በየጊዜው የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። መንስኤው የቺፕ እርጅና፣ በማስገቢያው ላይ የተጠራቀመ አቧራ፣ በደንብ ያልተሰካ ራም፣ ከፍተኛ ሙቀት ወይም የማይረጋ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊሆን ይችላል።

የድራይቨር ብልሽት

ድራይቨር እንደ ፕሪንተር፣ ዋይፋይና የስክሪን ካርድ ያሉ ዕቃዎችን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት የሚዘጋው ራሱ ብቻ ነው። ብዙ ድራይቨሮች ግን የሚሠሩት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት (ከርነል) ውስጥ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲሳሳት ዊንዶውስ መረጃ እንዳይበላሽ ራሱን ሆን ብሎ ያቆማል።

ትልቁ ምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) የተከሰተው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ያሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ በከርነል ውስጥ በሚሠራ ድራይቨር ሲነበብ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ክራሽ አድርገዋል። በብዙ አገሮች በረራዎች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጉለዋል። በዋናነት የተሠራበት መፍትሔ ግን ፎርማት አልነበረም፤ በሴፍ ሞድ ገብቶ አንዱን ፋይል ማጥፋት ነበር።

መለያ ምልክቶች

የራም ብልሽት ቦታ አይመርጥም። አንዴ ብራውዘር ላይ፣ አንዴ ወርድ ላይ፣ አንዴም ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ይመጣል። የስሕተቱ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የተቀዱ ፋይሎች «ተበላሽተዋል» ይላሉ፤ ዊንዶውስ ሲጫንም መሀል ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

የድራይቨር ብልሽት ግን ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። ፕሪንተር ሲሰካ፣ ዋይፋይ ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲታይ ይከሰታል። ብዙውን ጊዜ የጀመረው አዲስ ዕቃ ወይም ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ነው፤ በስክሪኑ ላይም የአንድ ፋይል ስም እየተደጋገመ ሊታይ ይችላል። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የሚጠቀመው መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ እዚያ ሳይቆም ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ያመዝናል። እዚያም ክራሽ ካደረገ ራምና ሌሎች የዕቃ ክፍሎች ይጠረጠራሉ።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. አስፈላጊ ፋይሎችን ማዳን። ራም ከተጠረጠረ በዚያው ኮምፒውተር መገልበጥ ቅጂውንም ሊያበላሽ ይችላል። ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ቅጂውን በአዲስ ፎልደር ማስቀመጥና በድሮው ባክአፕ ላይ አለመደረብ ይገባል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ደኅና ቅጂ የቀረው በድሮው ባክአፕ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

2. የስሕተቱን ስም፣ ሰዓቱንና በወቅቱ ይሠራ የነበረውን መመዝገብ። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የየቀኑን ክራሽ ዘርዝሮ ያሳያል።

3. ራሙን መሞከር። ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የተባለው መሣሪያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ከፍላሽ የሚነሣው ሜምቴስት86 የበለጠ ጥልቅ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይመረጣል። አንድ ስሕተት እንኳ ከተገኘ ራሙ ወይም ግንኙነቱ ጤነኛ አይደለም። ስሕተት አለመገኘቱ ግን ራሙን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያደርገውም።

4. ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ የላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን አላቆ ራሙን አውጥቶ መልሶ መሰካት። ጫፉን በላጲስ መፈግፈግ የተለመደ ቢሆንም የወርቅ ቅቡን ስለሚያሳሳ፣ በንጹሕ አልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻላል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ችግሩ የራሙ ነው፤ ከማስገቢያው ጋር ከቀረ ግን የማዘርቦርዱ ነው።

5. ራሙ ደኅና ከሆነ በዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ የተጠረጠረውን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መመለስ ወይም ማጥፋት፤ ከዚያም ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደውን መጫን። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የድራይቨር ጥቅሎች ለኮምፒውተሩ ሞዴል የማይስማማ ድራይቨር ሊጭኑ ይችላሉ።

6. ችግሩ ካልተፈታ ሙቀቱን፣ ዲስኩንና ፓወር ሰፕላዩን መመርመር። ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በደጋ አካባቢ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ሲሆን፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በጋፋት ስም ይጠራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። አካባቢው ብርዳማ ቢሆንም በበጋ አቧራ የተዘጋ ፋን ኮምፒውተርን ሊያግል ይችላል።

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የሚፈጥራቸው ኒውትሮኖችም በከፍታ ይበዛሉ፤ አልፎ አልፎ አንድ ቢት ሊገለብጡ ይችላሉ። ሰርቨሮች ስሕተትን ራሱ የሚያርም ራም የሚጠቀሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በጉግል ሰርቨሮች ላይ የወጣ ጥናት በዓመት ውስጥ ከራሞቹ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሕተት እንዳሳዩ፣ ለዚህም ዋናው ምክንያት የራሱ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን እንዳልቀረ አመልክቷል። በየቀኑ ክራሽ የሚያደርግ ኮምፒውተር ምክንያቱ ከፍታው ሳይሆን ሊገኝና ሊተካ የሚችል ዕቃ ወይም ድራይቨር ነው።

ጥንቃቄ

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዴስክቶፕን በዩፒኤስ መጠቀም፣ ፋኑን ከአቧራ ማጽዳት፣ አዲስ ራም ሲገዛ ከማዘርቦርዱ ዓይነት ጋር መስማማቱን ማረጋገጥና አስፈላጊ ሥራን ቢያንስ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ጉዳቱን ይቀንሳል።