«በረዶ እኮ አልነበረም!»

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ዴንቨር ነው። ሌት እየሠራ፣ ቀን እየተማረ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ አጠራቅሞ፣ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ሲመኛት የኖረችውን እስፖርት መኪና ገዛ። ያገለገለች ናት፤ ጎማዎቿ ግን አዲስ ነበሩ። የሸጠለት ሰው «የበጋ ጎማ ነው» ብሎታል። ልጁም «እንግዲያው በረዶ ሲጥል አልነዳትም» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

ቃሉንም ጠብቋል። በኅዳር አንድ ማለዳ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱም ደረቅ ነበር። በየቀኑ በሚያልፍበት ኩርባ ላይ መኪናዋ በሳሙና እንደታሸች ሙልጭ ብላ ሄዳ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመች። እሱ በትከሻ አጥንት ስብራት ተረፈ። ስደውልለት የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? «ጋሼ፣ በረዶ እኮ አልነበረም!»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች ዐረፍተ ነገር ናት። ልጁ አልዋሸም፤ ያሳሳተው ቃል ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ የኖርኩ ሰው ስለ ጎማ ምን አገባው ለምትሉኝ፣ የገባሁት በዚህ በር ነው።

ፈረንጁ «ሰመር» ሲል እኛ «በጋ»፣ «ዊንተር» ሲል «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ በጋችንም የደረቅ። ስለዚህ «የበጋ ጎማ» ሲባል የሐበሻ ጆሮ የሚሰማው «የደረቅ መንገድ ጎማ» ብሎ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ጥሩ የበጋ ጎማ በሞቃት ዝናብ ላይ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል። ጠላቱ እርጥበት ሳይሆን ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ በእኛም አገር የሚገባው ክረምቱ ከወጣ በኋላ አይደል? «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉ አባቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚመታት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለትም በጠራራው በጋ ነው።

ለመሆኑ ጎማና ብርድ መቼ ተጣሉ? ጠባቸው ከመኪና ይቀድማል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1830ዎቹ አሜሪካኖች ከዛፍ ጭማቂ በሚሠራው ላስቲክ አብደው ነበር። ጫማ ሠሩበት፤ ካፖርት ሠሩበት። ሙቀት ሲመጣ ግን ጫማው እየቀለጠና እየገማ ተጣበቀ፤ ብርድ ሲመጣ እንደ ሳንቃ ደረቀ። ደንበኞች ዕቃቸውን እየመለሱ ገንዘባችንን አሉ፤ ኩባንያዎችም ከሰሩ።

ቻርለስ ጉድይር የተባለ ሰው ይህን ችግር ካልፈታሁ ብሎ ቤቱን አራቆተ። በዕዳ ከአንድም ብዙ ጊዜ ታሰረ። በ1839 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ድኝ የተቀላቀለበት ላስቲክ በአጋጣሚ የጋለ ምድጃ ሲነካ፣ መቅለጡ ቀርቶ እንደ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው፤ ጠንክሮም ይለጠጥ ነበር። በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ይሁንና ሲከራከርና ሲበደር ኖሮ በ1860 ከነዕዳው ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተመሠረተው በ1898 ነው፤ ከእሱም ሆነ ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙን ለክብሩ ወሰዱት እንጂ። እንዲህም ነው ታሪክ!

ከጉድይር በኋላ ዓለም «ጎማ ወቅት አይለይም» ብሎ አረፈ። በ1888 ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ በነፋስ የሚነፋውን ጎማ ሲያስመዘግብም ስለ ብርድ የሚያስብ አልነበረም። ያልተቀበሉት ኑሯቸው በበረዶ ላይ የሆነው ፊንላንዶች ናቸው። ኖኪያ በምትባል ከተማ የሚገኝ የጎማ ፋብሪካ በ1934 የመጀመሪያውን የክረምት ጎማ ለጭነት መኪና ሠራ፤ በ1936 ደግሞ «ሀካፔሊታ» የተባለውን ለቤት መኪና አወጣ። አዎ፣ ያቺው ኖኪያ! በ1967 የጎማ ፋብሪካውና የኬብል ፋብሪካው ከአንድ የወረቀት ፋብሪካ ጋር ተዋህደው የወለዱት ድርጅት ነው ኋላ ሁላችንም በኪሳችን ይዘን የዞርነውን ስልክ የሠራው። ጎማው በ1988 ራሱን ችሎ ወጣ።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ጎማ መንገድን የሚይዘው በጥርሱ ብቻ አይደለም። አስፋልት ላያችን ለስላሳ ቢመስልም በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ነው። ጎማው እነዚህ ጉብታዎች ላይ ሲጫን ቅርጻቸውን ይዞ ይታጠፋል፤ መልሶም ይዘረጋል። መያዝ ማለት ይህ ነው። የእስፖርት መኪና የበጋ ጎማ ቅመሙ የተመጠነው በሞቃት አስፋልት ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ በኩርባ እንዲጣበቅ ነው። አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ መድረቅ ይጀምራል። ከዜሮ በታች 7 ሲደርስ ደግሞ መኪናዋን ከነጭራሹ አታንቀሳቅሷት የሚሉ አምራቾች አሉ፤ ጎማው ሊሰነጠቅ ይችላልና። የክረምት ጎማ በተቃራኒው በብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ በሙቀት ግን ይልፈሰፈሳል፣ ቶሎም ይበላል። ሁሉን የሚችል ጎማ የለም። ጉድይር ያሸነፈውን ብርድ፣ የዛሬው መሐንዲስ ለሙቀት ሲል አውቆ በከፊል መልሶ አስገብቶታል ማለት ነው።

ይህ የመኪና ወዳዶች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ጥር 28 ቀን 1986ን ያስታውስ። ያን ቀን በፍሎሪዳ ብርዱ ያልተለመደ ነበር። ከዚያ በፊት መንኮራኩር የተወነጨፈበት ዝቅተኛው የሙቀት መጠን 12 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የዚያን ቀን አየሩ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚደፍኑት የላስቲክ ቀለበቶች በብርድ እንደሚደርቁ የሰጉ መሐንዲሶች ዋዜማውን በስልክ ስብሰባ «ይቅር» ብለው ተሟገቱ። አለቆቻቸው አልሰሟቸውም። ቻሌንጀር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ አንዲት መምህርት ጨምሮ ሰባት ሰዎች አለቁ። በኋላ በምርመራው ጊዜ ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ላስቲክ ቁራጭ በትንሽ ማጥበቂያ ቆንጥጦ፣ በረዶ ያለበት የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። አውጥቶ ሲለቀው ላስቲኩ ወዲያው ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያ አጭርና ግልጽ ትምህርት ግን ሰጥቼ አላውቅም።

የፍሎሪዳ ሰማይም እኮ ያን ጠዋት ጥርት ያለ ነበር። የሰው ልጅ የሚያየውን አደጋ ይፈራል፤ የማያየውን ይንቃል። በረዶ ይታያል፤ ነጭ ነው፣ ያስጠነቅቃል። ብርድ ግን አይታይም። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ፣ የካናዳዋ ኩቤክ ከ2008 ጀምሮ በቀዝቃዛው ወራት የክረምት ጎማን በሕግ ማስገደዳቸው ሾፌሩ ሁሉ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ሕግ በሌለበት ግን ሥራው የባለመኪናው ነው።

ስቶክሆልም፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ያላችሁ ልጆቻችን፣ በየማለዳው ታክሲ የምታሞቁ፣ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለሱ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «የበጋ ጎማ» የሚለውን ስም ተዉት። «የሙቀት ጎማ» እና «የብርድ ጎማ» በሉት። ያኔ ማንም ሰው ሰማዩን አንጋጦ በረዶ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ቴርሞሜትሩን ያያል።

የእህቴ ልጅ አጥንቱ ገጥሞለታል። መኪናዋም ተጠግናለች። እኔም ዘንድሮ ጥቅምት ሲጠባ ደወልኩለት። ሰላምታ ሳላስጨርሰው «ጎማ ቀየርክ ወይ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ገና እኮ አልበረደም» አለኝ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሳይበርድ ቀይር!» ብዬ ዘጋሁበት። በማግስቱ የአራቱን ጎማዎች ፎቶ ላከልኝ።