ካርቶን የማይነግረን
በልደታ ያለው፣ ብዙዎቻችን «ህንጻ ኮሌጅ» እያልን የምንጠራው ትምህርት ቤት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ ስቱዲዮ ሲገባ ቀድሞ ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ ዳገትን በካርቶን መሥራት ነው። በ1፡500 ስኬል 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን 1 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። 400 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት እንሥራ ብንል እንግዲህ 400 ካርቶን መደርደራችን ነው!

ሞዴሉ የዳገቱን ቅርጽ በደንብ ያሳየናል። ከሥሩ ያለውን አፈርና ውሃ ግን አያሳይም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ከ1,000 በላይ ቤቶች ፈረሱ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። እና ጎበዝ፣ ካርቶን ከመቁረጣችን በፊት ምንጩ የት እንደሚፈልቅ፣ የትኛው ማሳ እንደሚሰነጠቅ የአገሩን ገበሬ እንጠይቅ።