በእንግሊዝ አገር የተማሪዎች መቅረት ከ1862 እስከ 1891 (በአውሮፓ አቈጣጠር)

ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲቀር ስንፍናን ምክንያት ማድረግ የተለመደ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የእንግሊዝን አገር ታሪክ ተመልክተን ድህነት የነበረውን ድርሻ ለማሳየት እንሞክራለን።

በ1862 የወጣው ደንብ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ርዳታ ከስም መዝገቡ ጋር አያያዘው። ጧትና ከሰዓት በኋላ ለየብቻ እየተቈጠረ፣ ከ200 ጊዜ በላይ የተገኘ ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ተፈትኖ ሲያልፍ ለትምህርት ቤቱ 8 ሽልንግ ያስገኝ ነበር። ስለዚህ የልጁ መቅረት ለትምህርት ቤቱ የገንዘብ ጉዳት ነበር። ይሁን እንጂ መከር በደረሰ ጊዜ ልጁ ከእርሻ ሥራ የሚያገኘው ገንዘብ ለድኻ ቤተሰብ እጅግ አስፈላጊ ስለ ነበረ፣ በገጠር ብዙ ልጆች ይቀሩ ነበር።

የ1870 ሕግ ማስገደዱን ለየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ፈቃድ ተወው። በ1880 ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች መማር ግዴታ ሆነ። ወላጆች ይከፍሉት የነበረው የትምህርት ቤት ገንዘብ በአብዛኛው የተነሣው በ1891 ነው፤ ይኸውም ግዴታው ከነጻው ትምህርት 11 ዓመት ቀደመ ማለት ነው።

ከዚህም እንደምንረዳው፣ የስም መዝገብ ማን እንደ ቀረ ይነግረናል፤ ለምን እንደ ቀረ ለማወቅ ግን የቤተሰቡን ኑሮ መመርመር ያስፈልጋል።