የመርከብ የመድኃኒት ሣጥን

ዛሬ «የመድኃኒት ሣጥን» ሲባል ፋሻና የራስ ምታት ክኒን ነው ትዝ የሚለን። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ግን ነገሩ የሕግ ግዴታ ነበር፤ በ1854 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የንግድ መርከቦች ሕግ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ መርከብ መድኃኒት እንዲይዝ ያዝዝ ነበር።

ሣጥኑ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ጠርሙሶቹ በየክፍላቸው ይቆማሉ፦ ለወባ ኩዊኒን፣ ለሕመም ከኦፒየም የተቀመመው ላውዳነም፣ ለሆድ ድርቀት የጉሎ ዘይት። ትንሽ ሚዛንም አብሮ አለ። ሐኪም በሌለበት መርከብ መመሪያ መጽሐፉን ገልጦ መድኃኒት የሚመዝነው ካፒቴኑ ነው። አንድ ጠብታ ላውዳነም ሲበዛ ምን እንደሚከተል ማሰብ ያስጨንቃል።

ድድ የሚያደማውንና የዳነ ቁስል የሚከፍተውን ስከርቪ ለመከላከል ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ይጫናል። የ1867ቱ ሕግ ስለ ጥራቱ አጥብቆ ደነገገ። ችግሩ የሎሚው ዓይነት ላይ ነበር፤ ከካሪብያን ደሴቶች የሚመጣው አረንጓዴው ሎሚ አቅሙ ደካማ ነው። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የዘመተው የጆርጅ ኔርስ ቡድን ጭማቂውን ይዞ ሄዶ እንኳ በስከርቪ ተመታ። አረንጓዴው ሎሚ በሽታውን የመከላከል ኃይሉ ከቢጫው ሩብ ያህል ብቻ መሆኑን ተመራማሪዋ ሃሪየት ቺክና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ያሳዩት በ1918 ነው።