ድምፅ ሰጪና ድምፅ ቆጣሪ፤ የ1982ቱ የብራዚል አገረ ገዦችና ሴናተሮች ምርጫ
ብራዚል ከደቡብ አሜሪካ አገሮች ሁሉ በስፋትም በሕዝብ ብዛትም የምትበልጥ፣ በፌዴራል ሥርዐት የምትተዳደር አገር ናት። በዚህ ሥርዐት መሠረት እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አገረ ገዥና የራሱ ምክር ቤት አለው። በዋናው ከተማ በብራዚሊያ በሚሰበሰበው ሴኔት ደግሞ፣ ይኸውም በእኛ አገር ቀድሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባል በነበረው ዐይነት ሸንጎ፣ እያንዳንዱን ግዛት ሦስት ሦስት ሴናተሮች ይወክሉታል። ግዛቱ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ የሴናተሮቹ ቁጥር አይለያይም። እንግዲህ የአንድ ግዛት ሕዝብ አገረ ገዥውንና ሴናተሩን በገዛ ድምፁ ሲመርጥ፣ አንዱን ለቤቱ፣ ሁለተኛውን ለአደባባዩ መረጠ ማለት ነው።

የብራዚል ሕዝብ ይህን መብት ከፍሎ በከፍሎ ተነጥቆ ከኖረ በኋላ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1982፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ መልሶ አገኘው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የዚያ ዓመት ምርጫ ታሪክ ሊታወስ የሚገባው አሸናፊዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ድምፅ መስጠትና ድምፅ መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና ሁለተኛው ካልተጠበቀ የመጀመሪያው ከንቱ እንደሚሆን በግልጽ ስለሚያስረዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። በ1964 የጦር ሠራዊቱ ፕሬዚዳንት ዡዋው ጉላርን ከሥልጣን አውርዶ መንግሥቱን ያዘ። ይሁን እንጂ ጄኔራሎቹ ምርጫን በአንድ ቀን አልሻሩም። በኦክቶበር 1965 በአያሌ ግዛቶች የአገረ ገዥ ምርጫ ሲደረግ ዝም ብለው ተመለከቱ። በጉዋናባራና በሚናስ ዤራይስ ግዛቶች ተቃዋሚዎች የደገፏቸው ሰዎች ባሸነፉ ጊዜ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በወጣው ዐዋጅ የነበሩት ፓርቲዎች ሁሉ ፈረሱ፤ ፕሬዚዳንቱም በሕዝብ ድምፅ መመረጡ ቀረ። በፌብሩዋሪ 1966 በወጣው ሌላ ዐዋጅ ደግሞ አገረ ገዦቹ በሕዝብ መመረጣቸው ቀርቶ በየግዛቱ ምክር ቤት እንዲመረጡ ተደረገ። በወረቀት ላይ ምርጫ ይባል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አስቀድሞ ከላይ ይመጣ ነበር። ከዚህ በኋላ እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ሆኑ፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሁለተኛው የተቃዋሚዎች።

የሴናተሮች ምርጫ ግን ለሕዝቡ ቀርቶለት ነበርና፣ ሕዝቡ በሌላ በኩል የተዘጋበትን አሳብ በዚህ በር ማውጣት ጀመረ። በ1974 ለ22 የሴኔት ወንበሮች ምርጫ በተደረገ ጊዜ የተቃዋሚው ፓርቲ 16ቱን አሸነፈ። ይህም መንግሥቱን አስደነገጠ። በኤፕሪል 1977 ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል ኤርኔስቶ ጋይዘል የአገሪቱን ምክር ቤት ለሁለት ሳምንት ዘግተው አዲስ ደንብ አወጡ። በደንቡም መሠረት በ1978 ከየግዛቱ ከሚመረጡት ሁለት ሴናተሮች አንዱ በሕዝብ ሳይሆን በተወሰኑ መራጮች ጉባኤ እንዲሰየም ተወሰነ። በዚያን ጊዜ፣ ግማሽ ሰውነቱ በመሣሪያ ስለ ተሠራ ሰው የሚተርክ አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም በአገሩ ይታይ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች «ባዮኒክ ሴናተሮች» ብሎ ሰየማቸው፤ ከሕዝብ ያልተወለዱ፣ በመሥሪያ ቤት የተሠሩ ማለቱ ነው። ስሙ ከሥልጣናቸው ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይነገራል።

ከዚህ በኋላ የአገሩ የገንዘብ ችግርና የሕዝቡ ጉምጉምታ እየበረታ ስለ ሄደ፣ ጄኔራሎቹ በሩን ቀስ በቀስ ለመክፈት ተገደዱ። በ1979 በፕሬዚዳንት ዡዋው ፊጌይሬዶ ጊዜ የምሕረት ሕግ ወጥቶ ብዙ ስደተኞች ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከሁለት በላይ ፓርቲዎችም ተፈቀዱ። በ1980 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ አገረ ገዦች በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ፣ የባዮኒክ ሴናተሮችም አሠራር ለወደፊቱ እንዲቀር ተደነገገ።

ይሁን እንጂ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ለመያዝ መሞከሩ አልቀረም። በኖቬምበር 1981 በቀረበው ደንብ፣ መራጩ ከአገረ ገዥና ከሴናተር ጀምሮ እስከ ከተማ ምክር ቤት አባል ድረስ ለአንድ ፓርቲ ዕጩዎች ብቻ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ቢያቀላቅል ግን ድምፁ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ። የዚህም አሳብ፣ የመንግሥቱ ፓርቲ በገጠር ከተሞች ያሉትን ባለሥልጣኖች ይዞ የአገረ ገዥነቱንም ድምፅ እንዲስብ ነበር። በቴሌቪዥን የሚደረገውም ቅስቀሳ ቢሆን በ1976 በወጣ ሕግ ተወስኖ፣ የዕጩው ፎቶግራፍ፣ ቁጥሩና አጭር የሕይወት ታሪኩ ብቻ ይነገር ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የምርጫው ወረቀት ነው። የዕጩዎቹ ስም ታትሞ የቀረበበት አልነበረምና፣ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም ወይም ቁጥር በየቦታው በእጁ መጻፍ ነበረበት። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ከምርጫ የተከለከሉ ነበሩ፤ ይህ ክልከላ የተነሣላቸው በ1985 ነው። ፊደል የቆጠረውም ቢሆን፣ ስድስት ስም ያህል በትክክል ጽፎ መውጣቱ ቀላል ሥራ አልሆነለትም። ስለዚህ በየሣጥኑ ባዶ የተተወና በስሕተት የተበላሸ ወረቀት ብዙ ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ የተነሣው ጠብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

በዚህ ሁኔታ ከ58 ሚሊዮን በላይ መራጮች ተመዝግበው የምርጫው ቀን ደረሰ። የሁሉም ዐይን ያረፈው ግን ይልቁንም በሪዮ ዲ ዣኔይሮ ላይ ነበር። የሪዮ ከተማ እስከ 1960 ድረስ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጉዋናባራ የሚባል ግዛት ሆና ቆይታ፣ በ1975 በዙሪያዋ ካለው ከሪዮ ዲ ዣኔይሮ ግዛት ጋር ተቀላቀለች። የተዋሐደው ግዛት አገረ ገዥውን በሕዝብ ድምፅ ሲመርጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ለውድድሩ ከቀረቡት አምስት ዕጩዎች መካከል ሌዮኔል ብሪዞላ ይገኙ ነበር። ብሪዞላ ቀድሞ የደቡቡ ግዛት የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል አገረ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1961 የጦር አለቆች ምክትሉ ፕሬዚዳንት ጉላር በሕግ የሚገባቸውን ሥልጣን እንዳይረከቡ በከለከሉ ጊዜ፣ ብሪዞላ የሬዲዮ ጣቢያዎችን አስተባብረው ሕዝቡን በመቀስቀስ ሕጉ እንዲከበር ያደረጉ ናቸው። ከ1964 በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በስደት ኖረው በ1979 ተመለሱ። የቆየው ፓርቲያቸው ስም በፍርድ ለሌሎች ስለ ተሰጠባቸው አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ። በ1982 መጀመሪያ ላይ ያሸንፋሉ ብሎ የገመታቸው ሰው ጥቂት ነበር። የመንግሥቱ ፓርቲ ዕጩ ሞሬይራ ፍራንኮ ሲሆኑ፣ በብሪዞላ ፓርቲ በኩል ለሴናተርነት የቀረቡት ሳቱርኒኖ ብራጋ ነበሩ።

የድምፁ አቈጣጠር በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያ ቆጣሪዎች ወረቀቱን በእጃቸው እየለዩ የእያንዳንዱን ሣጥን ውጤት በቅጽ ላይ ይጽፋሉ። ቀጥሎ ቅጾቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ የግዛቱ የምርጫ ፍርድ ቤት ለተዋዋለው አንድ የግል ድርጅት ይሰጡና ድምሩ በኮምፒዩተር ይሠራል። የመጀመሪያው ሥራ የሚከናወነው በብዙ ሰው ዐይን ፊት ነበር። ሁለተኛውን ግን ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር የሚያየው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ሬዲዮ ዡርናል ዶ ብራዚል የሚባለው ጣቢያ ለብቻው መቁጠር ጀመረ። ሠራተኞቹ ወደ መቁጠሪያው አዳራሾች እየሄዱ የየሣጥኑን ቅጽ ውጤት ይገለብጡና ራሳቸው ይደምሩት ነበር። ሥራው እንዲፈጥንላቸውም የሌሎቹን ሹመቶች ትተው የአገረ ገዥንና የሴናተርን ድምፅ ብቻ ያዙ። በሬዲዮው ድምር ብሪዞላ ይመሩ ነበር። ከኮምፒዩተሩ በኩል ይወጣ የነበረው ድምር ግን ከመዘግየቱም በላይ ሞሬይራ ፍራንኮን ያስቀድም ነበር። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት፣ ሞሬይራ የሚወደዱበት የገጠሩ ውጤት ቀድሞ መነገሩ ነው። ነገር ግን ይህ ብቻውን ልዩነቱን ሁሉ ሊያስረዳ አልቻለም። የብሪዞላ ወገኖች፣ ባዶና የተበላሹ ወረቀቶች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለመንግሥቱ ዕጩ ሊታሰቡ ተዘጋጅተዋል ሲሉ ከሰሱ። ድርጅቱ በበኩሉ የሥራ ስሕተት እንጂ ተንኮል አይደለም ብሎ ተከራከረ። ብሪዞላም የውጭ አገር ጋዜጠኞችን ሰብስበው ነገሩን ለዓለም አሰሙ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ሲያበቃ የት እንደ ደረሰ ማየት ካልቻለ ላሙ በሰማይ ናት። በሪዮ ግን የየሣጥኑ ቅጽ በብዙ እጅ ስለ ነበረ ላሚቱን ከሰማይ ማውረድ ተቻለ። ክርክሩ ከተነሣና ሥራው ከተመረመረ በኋላ የመጨረሻው ይፋ ውጤት ሬዲዮው አስቀድሞ ያመለከተውን የሚያጸና ሆነ። ብሪዞላ ከመቶ 34፣ ሞሬይራ ፍራንኮ ከመቶ 31 ያህል ድምፅ አገኙ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከ170 ሺህ በላይ ነው። ሳቱርኒኖ ብራጋም ሴናተር ሆነው ተመረጡ። በማርች 1983 ብሪዞላ ሥልጣናቸውን ተረከቡ። ከእርሳቸው ጋር ምክትል ሆነው የተመረጡት የታወቁት የሥነ ሰብእ ሊቅ ዳርሲ ሪቤይሮ፣ ሕፃናት ቀኑን ሙሉ እየተማሩና እየተመገቡ የሚውሉባቸውን ትምህርት ቤቶች በግዛቱ ውስጥ ማቋቋም ጀመሩ። ድምፁ በሌላ መንገድ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በዚያን ጊዜ ባልተጀመሩም ነበር።

በመላው አገር ሲታይ፣ አገረ ገዣቸውን በሕዝብ ድምፅ ከመረጡት 22 ግዛቶች መካከል የመንግሥቱ ፓርቲ 12፣ ዋናው የተቃዋሚ ፓርቲ 9፣ የብሪዞላ ፓርቲ 1 አሸነፉ። ከ25 የሴኔት ወንበሮችም የመንግሥቱ ፓርቲ 15፣ ዋናው ተቃዋሚ 9፣ የብሪዞላ ፓርቲ 1 አገኙ። በቁጥር የበለጠው የመንግሥቱ ፓርቲ ነው። ሆኖም ብዙ ሕዝብና ብዙ ሀብት ያለባቸው ሳኦ ፓውሎ፣ ሚናስ ዤራይስና ሪዮ ዲ ዣኔይሮ ሦስቱም በተቃዋሚዎች እጅ ገቡ።

ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ። በ1984 ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንምረጥ ብሎ በአደባባይ በተነሣ ጊዜ፣ በሳኦ ፓውሎ ፍራንኮ ሞንቶሮ፣ በሪዮም ብሪዞላ አገረ ገዦች ስለ ነበሩ፣ ሰልፈኛው ያገኘው ዱላ ሳይሆን ድጋፍ ነበር። የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ግን ለማለፍ 320 ድምፅ ሲያስፈልገው 298 ብቻ ስላገኘ ወደቀ። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ በቀረላቸው መንገድ ሄዱ። በ1982 የሚናስ ዤራይስ አገረ ገዥ ሆነው የተመረጡት ታንክሬዶ ኔቬስ ሹመታቸውን ትተው ለፕሬዚዳንትነት ቀረቡ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1985 በመራጮች ጉባኤ 480 ድምፅ ለ180 አሸነፉ። ያ ጉባኤ የተቋቋመው በ1982 ከተመረጡት እንደራሴዎች፣ ከሴናተሮቹና ከየግዛቱ ምክር ቤት ከተላኩ ሰዎች ነበር። ታንክሬዶ ሥልጣናቸውን በሚረከቡበት ዋዜማ ታመው፣ ኤፕሪል 21 ቀን ዐረፉ፤ ነገር ግን ወታደራዊው መንግሥት አከተመ። በ1982 ለስምንት ዓመት የተመረጡት ሴናተሮችም በ1988 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ካዘጋጁት መካከል ሆኑ። ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ መምረጥ በ1989 ተመለሰ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በፌዴራል አገር የግዛት ምርጫ ከማዕከላዊው ምርጫ የሚያንስ ነገር እንዳልሆነ ነው። መናገሻው በተዘጋ ጊዜ ነጻነት ወደ አገሩ የተመለሰው በግዛቶቹ በር በኩል ነውና። ይሁን እንጂ ያ በር የተከፈተው ድምፅ በመስጠት ብቻ አልነበረም። በየአዳራሹ ቆመው የሣጥኑን ቅጽ የገለበጡና የደመሩ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ብራዚል ከ1996 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መምረጥ ጀምራ፣ በ2000 ለአገሩ በሙሉ አዳርሳዋለች። መሣሪያው ምርጫው ሲዘጋ የዚያን ጣቢያ ውጤት በወረቀት አትሞ ያወጣል፤ ወረቀቱም ሁሉ እንዲያየው እዚያው ይለጠፋል። ማንም ሰው ቆሞ ያነበዋል፤ እርሳስ ይዞ የመጣም ይደምረዋል።