የቃል ማብራሪያ፦ ተጽዕኖ ተኮር ትንበያ

እንግሊዝኛው «ኢምፓክት ቤዝድ ፎርካስቲንግ» ይለዋል፤ በአማርኛ «ተጽዕኖ ተኮር ትንበያ» ብንለው ይገልጸዋል። ነባሩ የአየር ጠባይ ትንበያ ሰማዩ ምን እንደሚያወርድ ይናገራል። ይህኛው አንድ እርምጃ ይጨምርና የሚወርደው ነገር ማንን፣ የት፣ እንዴት እንደሚነካ ይናገራል። «ጉዳት ተኮር» ያላልነው፣ ነጋዴውን የሚያከስረው ዝናብ ለገበሬው ሲሳይ ሊሆን ስለሚችል ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አገሮች ወደዚህ አሠራር እንዲሸጋገሩ መክሯል።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። ነባሩ ትንበያ «ነገ ከቀትር በኋላ በአዲስ አበባ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ብሎ ያበቃል። ተጽዕኖ ተኮሩ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ነገ ከቀትር በኋላ በመርካቶ ዝቅ ባሉ ቦታዎች ጎርፍ ወደ ምድር ቤት መጋዘኖች ሊገባ ይችላል። ዕቃ ከወለል ከፍ ይደረግ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ መንገድ ሊዘጋጋ ስለሚችል ጭነት ከረፋዱ በፊት ይውጣ።»

በአገራችን የሜትሮሎጂ አጠራር «ከባድ ዝናብ» የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ካለው የቆርቆሮ ጣሪያ 3,000 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሞላ 150 ይሆናል። ይህ የአንድ ጣሪያ ነው። መርካቶ ደግሞ ጣሪያው ከጣሪያ የተያያዘ፣ መሬቱ በአስፋልትና በኮንክሪት የተሸፈነ ሰፈር ነው። ውሃው የሚሰርግበት አፈር የለውም፤ ቱቦው በፌስታልና በካርቶን ከተደፈነ መንገዱን ይዞ ይወርዳል።

ያው ዝናብ ታዲያ በየተራው ሌላ ነገር ያደርጋል። በርበሬ ተራ ውስጥ እርጥበት የገባው ጆንያ ይሻግታል። ሸማ ተራ ያለ ጋቢ የጭቃ ውሃ ከነካው በዋጋው አይሸጥም። ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ዕቃው ብዙም አይበላሽበትም፤ ሥራው ግን ይቆማል። ጀብሎው ሸቀጡን በላስቲክ ጠቅልሎ በረንዳ ሥር ይቆማል፤ የዕለት ገቢው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

አሠራሩ ሦስት ነገሮችን ያዛምዳል። የመጀመሪያው ክስተቱ ራሱ ነው፦ ጎርፍ፣ በረዶ፣ መብረቅ፣ ነፋስ ወይም ውርጭ። ሁለተኛው ተጋላጭነት ነው፤ ክስተቱ በሚያልፍበት ቦታ ማንና ምን አለ? ሦስተኛው የመቋቋም አቅም ነው። ከዚያ የመከሰት ዕድሉና የጉዳቱ ክብደት ተመዝኖ ማስጠንቀቂያው በቀለም ይወጣል። በብሪታንያ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ናቸው። ዕድሉ አነስተኛ ሆኖ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ከቻለ ቢጫው ይወጣል።

የዝናብን ወይም የብርድን ልክ የሚነግር ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ አሜሪካ በየካቲት 2013 ዓ.ም. በከባዱ አይታዋለች። አገሪቱን ያቋረጠው አንድ የበረዶ ማዕበል ኖርዝ ካሮላይና ላይ ቤት የሚያፈርስ አውሎ ነፋስ አስነሳ፤ ቴክሳስን በብርድ አደረቀ። የሰሜኖቹ ግዛቶች በዚያ ዓይነት ብርድ በየዓመቱ ይከርማሉ። የቴክሳስ የኃይል ማመንጫዎችና የጋዝ መስመሮች ግን ለብርድ አልተዘጋጁም ነበርና ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች መብራት አጡ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የእኛም ክረምት በየቦታው መልኩን ይቀይራል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በዙሪያው ካለው ደጋ የወረደ ነበር፤ ተኝቶ የነበረው የከተማ ሰው የራሱን ሰማይ አይቶ ሊያውቀው አይችልም ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ዝናቡ ተራራውን ናደ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። እዚያ ሕይወት ያድን የነበረው መልእክት «መሬቱ ውሃ ጠግቧል፣ ከተዳፋቱ ሥር አትሰብሰቡ» የሚለው ነበር።

እንዲህ ያለውን መልእክት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ብቻውን ሊያዘጋጀው አይችልም። ደመናውን እሱ ያያል። የትኛው ቱቦ ቀድሞ እንደሚደፈን፣ የትኛው ምድር ቤት የውሃ መሳቢያ ፓምፕ እንደሌለው የሚያውቁት ግን የወረዳው ሠራተኛ፣ የሕንጻው ዘበኛና ባለሱቁ ናቸው። ይህ እውቀት ተሰብስቦ ካርታ ላይ ካልሰፈረ ትንበያው ተመልሶ «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይሆናል።

ማስጠንቀቂያም ዋጋ አለው። ዕቃን በእንጨት ርብራብ ላይ ማንሳት የአንድ ሰዓት ጉልበት ይጠይቃል፤ ሱቅ መዝጋት የቀን ገበያ ያሳጣል። ነጋዴ ሁለት ሦስቴ ዘግቶ ዝናቡ ከቀረ በአራተኛው አይሰማም። ስለዚህ ጥሩ ተጽዕኖ ተኮር ትንበያ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አይደብቅም፤ ርብራብ የሚበቃበትን ቀን ሱቅ ከሚያዘጋው ቀን ለይቶ ይናገራል።